ማህፀኗ እንዴት ነው የተሰፋው?

እንደምን አደራችሁ ባልደረቦቼ? አዋላጆች፣ ሬዚደንቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎችም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክርና መርፌ ነው። ልጁ በኦፕራሲዮን ወጣ፣ የእንግዴ ልጁም ወጣ። እኛ የቀደድነውን ማህፀን በነጠላ፣ ማለትም በአንድ ዙር ስፌት፣ እንስፋው ወይስ በላዩ ሁለተኛ ዙር ጨምረን በድርብ? በዚህ ጉዳይ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ስንቴ ተከራክረናል!

ድሮ ጭራሽ አይሰፋም ነበር። ማህፀን ራሱ ተኮማትሮ ይገጥማል ይሉና ሆዱን ብቻ ይዘጋሉ። ብዙ እናቶች በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1882 ማክስ ዜንገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ማህፀኑም በጥንቃቄ መሰፋት አለበት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ነው «እንዴት ይሰፋ?» የሚለው ክርክር የመጣው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ከካናዳ የወጣ ጥናት ብዙዎቻችንን አስደንግጦናል። በኦፕራሲዮን ወልደው በሚቀጥለው በምጥ ለመውለድ የሞከሩ ወደ 2,000 የሚጠጉ እናቶችን አየ። በነጠላ ከተሰፉት 3.1 በመቶ ማህፀናቸው በምጡ ጊዜ ራሱ ተቀደደ፤ በድርብ ከተሰፉት 0.5 በመቶ ብቻ። ግን ልብ በሉ፤ እናቶቹ በዕጣ አልተመደቡም። ሐኪሙ እንደ ልማዱ የሰፋውን ነው ያነጻጸሩት።

በዕጣ የመደበው ኮሮኒስ የተባለው ጥናት ነው። ወደ 16 ሺህ እናቶች፣ 7 አገሮች። እኛ የለንበትም፤ ጎረቤቶቻችን ኬንያና ሱዳን ግን አሉበት። ከመረመራቸው 5 ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የእኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ውጤት እስከ 6 ሳምንት ድረስ በሞትም፣ በኢንፌክሽንም፣ በድጋሚ ቀዶ ጥገናም ልዩነት አላገኘም። ከ3 ዓመት በኋላም እናቶቹን ፈልጎ አያቸው። ያኔም ልዩነት አልታየም። በምጥ ጊዜ የማህፀን መቀደድ ግን ብርቅ ነገር ስለሆነ፣ ይህን ያህል ሰው ይዞም ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ይከብዳል።

እኔ እስካሁን በድርብ ነው የምሰፋው። የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ እጄም ለምዶታል። ባልደረባዬ በነጠላ ሰፋ ብዬ ግን አልቆጣም።

የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ምጥ ይዟት ሌሊት መጣች። ሆዷ ላይ ጠባሳ አለ። «ባለፈው እንዴት ነው የተቀደድሽው?» አልናት። «እኔ ምን አውቃለሁ? ዶክተሮቹ ናቸው የሚያውቁት» አለች። ወረቀት የላትም። የቆዳው ጠባሳ ደግሞ የውስጡን አይናገርም። ማህፀኗ በታች በኩል አግድም ተቀድዶ ከሆነ ምጡን እየተከታተልን ልንጠብቃት እንችል ነበር። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀድዶ ከሆነ ግን ምጡ ሊገድላት ይችላል። ስለማናውቅ እንደገና ኦፕራሲዮን አደረግናት።

ምናልባት አያስፈልጋትም ነበር። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። ካርዱ መዝገብ ቤት ቢቀመጥም፣ እሷ ይዛው በምትወጣው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፉላት፦ «ማህፀኑ በታች በኩል አግድም ተቀደደ፤ በድርብ ተሰፋ፤ ቅዱ ወደ ላይ አልተራዘመም።» ለእሷም በቃል ንገሯት፤ ባሏ ወይም እናቷ አጠገቧ ካሉ እነሱም ይስሙ። ወረቀት ይጠፋልና።

አመሰግናለሁ።