ነጩ ልብስና የሞተር ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ባሕር ዳር ነው፤ የባጃጅ ጡሩንባ ጣልቃ ቢገባ ታገሡኝ።

ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ ባሕር ኃይል መሐንዲስ ነው። ጎጃም ተቀምጦ ስለ ባሕር ኃይል? አዎ። አጎቴ የዳንግላ ሰው ናቸው፤ በጦር መርከብ ላይ የሞተር ክፍል መኮንን ነበሩ። ዘመድ ስለ እሳቸው ሲያወራ የሚያነሳው ነጩን የደንብ ልብስ ነው። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ ማለቴ ነው። እሳቸው ደግሞ ይስቃሉ። "እሱ ለሰልፍ ነው። እኔ ቀኑን የማሳልፈው በዘይት በራሰ ቱታ ነበር" ይላሉ።

የንጉሡ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ያሠለጠኑት ኖርዌጂያኖች ናቸው። መደቡ ምፅዋ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ አስመራ። ትልቋ መርከብ "ኢትዮጵያ" ትባል ነበር። ከአሜሪካ የመጣችው በ1954 ዓ.ም. ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ የናፍጣ ሞተሮቿ ጉልበት 6,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን የውጭ መርከቦች ምፅዋ ሲደርሱ ጃንሆይ ራሳቸው ይገኙ ነበር። ሙዚቃው፣ ሰልፉ፣ ነጩ ልብስ... ሁሉም ከላይ ነው።

ከታች ያለው ሌላ ዓለም ነው። ምፅዋ በክረምት ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ሞተር ክፍሉ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ተረኛው አራት ሰዓት ይሠራል፣ ስምንት ሰዓት ያርፋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። መስኮት የለም። ባሕሩን የሚያውቀው በቱቦ ነው፤ የጨው ውኃ ገብቶ ሞተሩን ያበርዳል፣ ይወጣል። የሚጠጣውን ውኃ ከዚያው ከባሕር አጣርተው ያወጣሉ። ጄኔሬተር ከቆመ መብራት የለ፣ ሬዲዮ የለ፣ መሪውም ይከብዳል። ከላይ ያለው አዛዥ የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን፣ ከታች አንድ ፓምፕ ከተበላሸ መርከቡ ውኃ ላይ የቆመ ብረት ነው።

አጎቴ ኩሽኔታ፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ብረት፣ መሞቁን በመዳፋቸው ያውቁ ነበር። መለኪያው ጌጅ የሚያሳየውን ካዩ በኋላም እጃቸውን ያሳርፋሉ። "ጌጅ ይዋሻል፤ እጅ ግን..." ብለው ዝም ይላሉ። እኔም ሳልጠይቃቸው አለፍኩ፤ ጎበዝ ጠያቂ አይደለሁም መቼም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ወደቀች። በግንቦት 1983 የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። "ኢትዮጵያም" እዚያው ቀርታ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉ ራሱ በ1988 ዓ.ም. ፈረሰ። ያ ሁሉ ዓመት የተማሩት ሙያ የሚሠራበት መርከብ አጣ።

አጎቴ ዳንግላ ገቡ። የወፍጮ ቤት ሞተር መጠገን ጀመሩ፤ ከዚያ የመስኖ ፓምፕ። ሰዉ "መካኒኩ" ይላቸዋል። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ አይደለም፤ ወፍጮ መጠገን ክቡር ሥራ ነው፣ ገበሬውም ተጠቅሟል። የሚያበሳጨኝ ሰው ሁሉ "ባሕሩ እንዴት ነው? ማዕበል አይተዋል?" እያለ ሲጠይቃቸው መኖሩ ነው። የሞተሩን ነገር ማንም አልጠየቀም። እሳቸውም ማዕበሉን ያዩት እግራቸው ሲንገዳገድ ብቻ ነው!

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን እንደገና እንደሚያቋቁም ተናግሯል። እዚሁ ባሕር ዳርም መካኒካልና ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የጨረሱ ልጆች ለጥቂት ወራት ሠልጥነው በውጭ የንግድ መርከቦች ሞተር ክፍል ይቀጠራሉ። ጣና ዳር ተምረው ሲንጋፖር ይወርዳሉ። ደመወዙ በዶላር ስለሆነ የሠፈሩ ወሬም ደመወዙ ነው። ስለ ሥራው ብትጠይቁ ግን ያው ፓምፕ፣ ያው ፈረቃ፣ ያው ሙቀት ነው።

አንዱን ልጅ አጎቴ ቤት ወሰድኩት። ሰላምታው እንኳ በወጉ አላለቀም፣ ስለ ነዳጅ ማጣሪያ መከራከር ጀመሩ። የዘንድሮው ሞተር በኮምፒውተር ይታያል አለ ልጁ። "ኮምፒውተሩ ሲጠፋስ?" አሉት። እንጀራው ቀርቦ ቀዘቀዘ፤ አክስቴ ተቆጡ።

ያንን ክርክር በስልኬ ቀድቼዋለሁ። የሚቀጥለው ክፍል እሱ ነው። ድምፁ ጥራት ይጎድለዋል፣ መሐል ላይ አክስቴ "ብሉ እንጂ!" ሲሉ ይሰማል። አልቆረጥኩትም።