ማርሚታው ከመቆረጡ በፊት

እንደምን አመሻችሁ፣ የመኪና ወዳጆችና ጎረቤቶች።

ዛሬ የምናገረው ስለ ማርሚታ፣ ማለትም የመኪናው ጭስ መውጫ ላይ ስላለው የድምፅ ማፈኛ ነው። የሞተር ድምፅ የሚወድን ሰው ልወቅስ አልመጣሁም። ጥሩ ሞተር ሲነሳ እኔንም ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ያ ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ነው።

ማርሚታ ለጌጥ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ሞተር ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ በከፍተኛ ግፊት፣ እየተቆራረጠ ይወጣል። ማርሚታው ውስጥ ያሉት ክፍሎችና የተበሱ ቱቦዎች የድምፁን ሞገድ እያጋጩ ያዳክሙታል። አሜሪካ ውስጥ ሪቭስ የተባሉ ወንድማማቾች ለመኪና ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት ያገኙት በ1897 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን እንኳ ጩኸቱ መላ ተፈልጎለታል።

ያንን ዕቃ አስቆርጦ ባዶ ቱቦ ማስገባት ቀላል ሥራ ነው። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። ድምፅ በ10 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ሲጨምር ጉልበቱ 10 እጥፍ ይሆናል። ለጆሮ ደግሞ እጥፍ ያህል ጎልቶ ይሰማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የሌሊት የመንገድ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አማካይ የሚባለው የሌሊቱ ሁሉ ድምፅ ተጠቃሎ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ሽው ብላ ያለፈች አንዲት መኪና አማካዩን ብዙም ላታንቀሳቅሰው ትችላለች። ሰፈሩን ግን ትቀሰቅሰዋለች።

መስኮት መዝጋትም ብዙ አይረዳም። ቀጭኑን ድምፅ ያስቀራል፤ ወፍራሙ ጉርምርምታ ግድግዳውን አልፎ ይገባል። ጠዋት ደግሞ ይብሳል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ እስኪሞቅ ድረስ ከፍ ባለ ዙር ይሠራል። ባለመኪናው ጥቂት ደቂቃ አሙቆ ይሄዳል። የነቃውን ሕፃን አባብላ የምታስተኛው ግን ጎረቤት ያለች እናት ናት። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰውም አለ። «ይለምዱታል» ሲባል እሰማለሁ። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ባይነቃ እንኳ ድምፁ ሲመጣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሰውነት ሙሉ በሙሉ አይለምድም።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ኢንሹራንስ ውል ነው፤ ውሉም የቆመው እናንተ በተናገራችሁት ላይ ነው። ድርጅቱ አረቦኑን፣ ማለትም የምትከፍሉትን የኢንሹራንስ ክፍያ፣ ያሰላው መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ብሎ አምኖ ነው። ሞዲፋይ ሲደረግ የጥገናው ወጪም የመሰረቅ ዕድሉም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ድርጅቶች ማንኛውም ለውጥ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ።

«ማርሚታ ከግጭት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ግጭቱን ማርሚታው አላመጣው ይሆናል። ጉዳት ገማቹ ግን ከሥር ገብቶ ፎቶ ያነሳል። የዚያን ጊዜ ጥያቄው «ለምን አልነገርከንም?» ነው። እንደየአገሩ ሕግ ካሳው ሊቀነስ ወይም ሊከለከል፣ ውሉም ሊሰረዝ ይችላል። ለሦስተኛ ወገን፣ ማለትም መኪናችሁ ለጎዳችው ሌላ ሰው፣ ከፍሎ ገንዘቡን ከእናንተ የሚጠይቅ ድርጅትም አለ። ውሉ ከተሰረዘ ደግሞ ቀጣዩ ድርጅት «ከዚህ በፊት ውል ተሰርዞብህ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ለአንድ ቱቦ ተብሎ እዚህ መድረስ ያሳዝነኛል።

መቀየር የግድ ካላችሁ፣ ፈቃድ ያለውን ዕቃ ምረጡ። የጭሱን መርዛማ ጋዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አታስወጡ፤ ያ የአየሩንም ጉዳይ ያመጣል፣ በብዙ አገርም ክልክል ነው። ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ለኢንሹራንሱ ንገሩና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ዘመናዊ ሞተር ቆሞ ረጅም ጊዜ መሞቅ አያስፈልገውም፤ አስነስታችሁ በዝግታ ንዱት።

ጎረቤቶችም፣ እባካችሁ በንዴት ሌሊት በር አታንኳኩ። በቀን ሂዱና የቱ ሰዓት እንደሚያስቸግራችሁ ንገሩት። ብዙው ባለመኪና ድምፁ እናንተ መኝታ ቤት ምን እንደሚመስል ሰምቶ አያውቅም።

የኢንሹራንስ ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ቆይተን ስለ መኪና ለውጥ የሚለውን አንቀጽ አብረን እናነባለን። አመሰግናለሁ።