ወንዙን ስንሻገር ፈቃዱም ይሻገር፦ ለዓመታዊ ስብሰባችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ አባቶቼ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ እህቶቼ። ከቨርጂኒያም ከዲሲም ከባልቲሞርም ያን ሁሉ ትራፊክ ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። ገና በር ላይ ሰላም ስንባባል ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፣ ያ የሽጉጥ ፈቃድ ጉዳይ የት ደረሰ ነው ያላችሁኝ፣ ስለዚ ሌላውን ለጸሀፊያችን ትቼ ስብሰባውን በሱ ልክፈተው።

ይሄ የሱቅ ባለቤቶችና የሾፌሮች ማህበር ነው። ማንንም ሽጉጥ ግዛ አላልንም፣ አንልምም። የምንጠይቀው አሻራውን ሰጥቶ፣ ሰልጥኖ፣ ከፍሎ በሕግ ፈቃድ ያወጣ ሰው ድልድይ ተሻግሮ ሌላ ስቴት ስለገባ ብቻ ወንጀለኛ እንዳይሆን ነው። በቃ ይሄ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ። ሜሪላንድ ከ1972 ጀምሮ (ሁሉም ቀን በፈረንጅ ነው) ሽጉጥ ይዞ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ በቂ ምክንያት አምጣ ይባል ነበር፣ ሰፈሩ ያስፈራኛል ማለት ምክንያት አልነበረም። ጁን 23 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክን ተመሳሳይ ሕግ 6 ለ 3 ሲጥለው ያኔ ገዢ የነበሩት ላሪ ሆጋን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን መስፈርት አስቆሙት። በሚቀጥለው ዓመት ግን አናፖሊስ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት ሕጉን መልሶ አጠበቀው፣ ሆጋንን የተኩት ገዢ ዌስ ሙር በሜይ 2023 ፈረሙ፣ የማመልከቻው ክፍያ ከ75 ወደ 125 ዶላር ወጣ፣ ይዞ መግባት የማይቻልባቸው ቦታዎች በዙ፣ ያለፈቃድ መያዝ እስከ 3 ዓመት የነበረው እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሆነ፣ የተወሰነውን ክፍል ፍርድ ቤት ወዲያው አገደው። ያ ሁሉ ሲሆን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም አናፖሊስ ሄደው ተሰልፈው ተናግረዋል፣ ከዚህ ማህበር ግን አንድም ሰው አልሄደም።

አሁን ሱቅ ውስጥ ያላችሁ ስሙኝ። የሜሪላንድ ሕግ ባለቤቱ በገዛ ሱቁ ውስጥ፣ የሱ ወይ የተከራየው እስከሆነ ድረስ፣ ያለካርሪ ፐርሚት (ይዞ የመውጫ ፈቃድ) ሽጉጥ መያዝ ይፈቅድለታል። ሊከር ስቶር፣ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ፣ ማታ የዘጋ ሰው ግን ችግሩ የት እንዳለ ያውቃል። ካሹ ተቆጥሮ ቦርሳ ገብቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሸትሩን፣ የብረት መዝጊያውን፣ ለማውረድ ጀርባህን ለመንገዱ ሰጥተህ ጎንበስ ትላለህ፣ ቁልፉ እንቢ ይላል፣ መኪናህ ፓርኪንጉ ጥግ ነው። ከሱቁ ደፍ እስከ መኪናው ያለችው መንገድ ላይ ሕጉ ሌላ ነው፣ ያለፈቃድ ከሆነ ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ በተዘጋ መያዣ ውስጥ መሆን አለበት። ሰው የሚዘረፈው እዛች መንገድ ላይ ነው እኮ። ስለዚ ፈቃድ ማውጣት የፈለገ የሱቅ ባለቤት ሲመጣ ምን ሊያደርግለት ነው ብሎ የሚደነቅ ሰው አንድ ቀን ማታ አብሮት ይዝጋ።

የሾፌሮቹ ደግሞ ይብሳል። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወንድማችን በአንድ ፈረቃ ሶስት ሕግ ውስጥ ይገባል ይወጣል፣ በ14ኛው ስትሪት ድልድይ ዲሲ ይገባል፣ ሰው ጭኖ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደርሳል፣ በዊልሰን ድልድይ ቤቱ ይመለሳል። የቨርጂኒያ ፈቃድ አለው እንበል። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም፣ ዲሲም አይቀበልም። ሁሉንም ላውጣ ካለ ሶስት ማመልከቻ ሶስት ክፍያ ነው፣ ሜሪላንድ 16 ሰአት ስልጠና ይጠይቃል፣ ዲሲ ደግሞ 16 ሰአት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰአት ተኩስ ቦታ። በዛ ላይ ለአፕ የምትሰሩ ይሄንንም እወቁ፣ ኡበርም ሊፍትም ሾፌሩ ሽጉጥ መያዝ የለበትም ይላሉ፣ ስለዚ ስቴቱ ቢፈቅድ እንኳ አካውንታችሁን ሊዘጉት ይችላሉ። ይሄን ሕግ በማስቀየር አንፈታውም፣ ከካምፓኒዎቹ ጋር የምናደርገው ሌላ ንግግር ነው።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ግሪን ካርድ ያላቸው አባሎቻችን ነገር ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ከመሳሪያ ጋር በተያያዘ ወንጀል፣ መያዝም ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰው ከአገር ለመባረር በቂ ምክንያት ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ጎረቤትህ ያንኑ ስህተት ቢሰራ ጠበቃ ይዞ፣ ተቀጥቶ ቤቱ ይገባል፣ ያንተ ልጆች ግን አባታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ይሄ የምለው ወንዙ ማዶ ባለው ስቴት ፈቃድ ስላለው፣ አንድም ክስ ስለሌለበት ሰው ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለንደዚህ ያለው ነው። ሕጉ እስኪቀየር ድረስ እባካችሁ፣ ማዶ ስትሻገሩ ይዛችሁ አትሻገሩ። የግድ ማጓጓዝ ካለባችሁ፣ መነሻውም መድረሻውም የሚፈቅድላችሁ ሆኖ፣ ጥይቱ ወጥቶ ትራንክ ውስጥ ተቆልፎ ነው፣ የ1986ቱ የፌደራል ሕግ የሚጠብቃችሁ እንደዛ ከሆነ ነው። ጫት የሚቅም አባልም ቢሆን፣ ማንንም ለማሳፈር አይደለም፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ሸጁል 1፣ ማለትም ከሁሉ ጥብቅ በሆነው የተከለከሉ እጾች ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው ፎርም ደግሞ ሕገወጥ እጽ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ መፈረም ቀልድ አይደለም።

እሺ ተራ ሰው ሕግ ማስቀየር ይችላል ወይ? ይችላል። ቴክሳስ ኪሊን ውስጥ ኦክቶበር 1991 አንድ ካፍቴሪያ ውስጥ አንድ ሰው 23 ሰው ገደለ። ሱዛና ሃፕ የምትባል ሴት አባቷንም እናቷንም እዛው አጣች። ሽጉጥ ነበራት፣ መኪናዋ ውስጥ ነበር፣ ሕጉ ይዛ እንድትገባ ስለማይፈቅድ ትታው ነው የገባችው። ከዛ በኋላ ይሄንን ታሪኳን ሳትሰለች ሕግ አውጪዎች ፊት እየቀረበች ተናገረች፣ በ1995 የቴክሳስ ሕግ ተቀየረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ራሷም ለስቴቱ ምክር ቤት ተመረጠች። በሌላ በኩል ደግሞ ልጆቻቸውን በጥይት ያጡ እናቶች አሉ፣ እነሱም እንደሷ ቆመው እየተናገሩ ብዙ ስቴቶች ሕጋቸውን እንዲያጠብቁ አድርገዋል። ሁለቱም ወገን የሄደው በአንድ መንገድ ነው፣ በአካል መጥተው ስማቸውን ተናግረው የደረሰባቸውን አስረድተዋል።

ሰልፍ ብቻውን እንደማይበቃም አይተናል። ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ሪችመንድ ላይ 22 ሺህ የሚሆን ሰው ወጣ፣ ከናንተም የነበራችሁ አላችሁ። ያም ሆኖ በዛው ዓመት ቨርጂኒያ ብዙ የመሳሪያ ሕግ አጠበቀች። የአሶልት መሳሪያ (እንደ ኤአር-15 ያሉ ጠመንጃዎች) እገዳው ግን ለብቻው ሴኔት ኮሚቴ ውስጥ ቀረ፣ ከዴሞክራቶቹ፣ ከስቴቱ ገዢ ፓርቲ፣ አራት ሴናተሮች ከሪፐብሊካኖቹ ጋር አብረው ወደ ሌላ ዓመት እንዲገፋ ድምጽ ስለሰጡ ነው። ስለዚ ስራው ኮሚቴ ላይ ነው። የኛ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ኮሚቴዎች ናቸው፣ በሴኔት ጁዲሻል ፕሮሲዲንግስ፣ በሃውስ ጁዲሺየሪ።

የሜሪላንድ ምክር ቤት ሴሽን ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል፣ 90 ቀን ነው፣ ከዛ ያለቀ አለቀ። ለመናገር ማይ ኤምጂኤ በሚባለው የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ለረቂቁ ፌቨረብል (እደግፋለሁ)፣ አንፌቨረብል (እቃወማለሁ)፣ ወይ ፌቨረብል ዊዝ አመንድመንትስ (ከተስተካከለ እደግፋለሁ) ብላችሁ ትመዘገባላችሁ። ዜጋ መሆን አይጠበቅባችሁም፣ በስቴቱ ምርጫ ድምጽ መስጠት ነው ለዜጋ ብቻ የሆነው። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የሕይወት ታሪካችሁን ሁሉ ለመተረክ አትሞክሩ፣ ሱቃችሁ የት እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደምትቀጥሩ፣ ሸትሩን ስታወርዱ ምን እንደሚሰማችሁ፣ ከዛ ምን እንደምትፈልጉ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰበርም ይሰማል፣ ያልሄደ ሰው ነው የማይሰማው። ማህበራችን 501 ሲ 3፣ ማለትም ከግብር ነጻ የሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ ስለሆነ ስለሕግ በልክ መናገር እንችላለን፣ እገሌን ምረጡ ማለት ግን በፍጹም አንችልም፣ የማህበሩን ስም ይዞ ለእጩ የሚለምን ሰው እንዳላይ።

ጥያቄያችንን እንዲህ ነው ያረቀቅነው። የቨርጂኒያ ስልጠና አጭር ነው የሚል ዴሌጌት (የስቴቱ ምክር ቤት አባል) ይኖራል፣ እውነቱን ነው። ስለዚ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ አንልም፣ የሌላ ስቴት ፈቃድ ያለውና 16 ሰአት የሰለጠነበትን ወረቀት ያቀረበ ሰው ሜሪላንድ ላይ ይታወቅለት ነው የምንለው፣ ዲሲ ካውንስልም እንደዛው። ፈቃድ ኖሮት ድንበር የተሻገረ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በገንዘብ ይቀጣ እንጂ አይታሰር፣ ይሄኛው ግሪን ካርድ ላላቸው አባሎቻችን ምን ያህል እንደሚረዳ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እያየልን ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይሄን የማትደግፉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ቤት ውስጥ ሽጉጥና የተከፋ ወጣት አብረው መኖር የለባቸውም ያላችሁኝ እናንተ ልክ ናችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ ሽጉጥ መተው በሕግ ክልክል ነው፣ ለሚፈልጉ አባላት የመቆለፊያ ሳጥን እንዲገዛ ለቦርዱ ያቀረብኩት በናንተ ምክንያት ነው። የማትስማሙ ከሆነም አብራችሁን ወደ አናፖሊስ ኑና የራሳችሁን ሀሳብ ራሳችሁ ተናገሩ፣ መኪና ውስጥ ቦታ አለ።

መመዝገቢያው ወረቀት ቡናው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስምና ስልክ፣ የምትኖሩበትን ዲስትሪክት ካላወቃችሁ ልጆቹ እዛው ይፈልጉላችኋል። አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሂሳብ ያቀርባሉ።