ቆይ፣ እንደገና በላት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ጥያቄ ስላለ እሱን ላጫውታችሁ። ሐኪም ከባድ ዜና መንገርን የት ነው የሚለማመደው?

መድኃኒቱን ከመጽሐፍ ያጠናል። ንግግሩን ግን ብዙ ጊዜ የሚማረው እውነተኛ ታካሚ ላይ ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ለእሱ የመጀመሪያ ልምምዱ ትሆናለች፣ ለታካሚዋ ግን ያቺ ቀን ሁለተኛ አትመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃዋርድ ባሮውስ የሚባል የነርቭ ሐኪም ጤነኛ ሰው እንደ በሽተኛ እንዲሆን አሰልጥኖ ተማሪዎቹን በእሱ መፈተን ጀመረ። ዛሬ ኦስኪ በሚባለው፣ የሕክምና ተማሪዎች ጣቢያ በጣቢያ እየዞሩ በሚፈተኑበት የተግባር ፈተና ላይ እንዲህ ዓይነት ታካሚ የተለመደ ነው። ሆኖም "ትወና ምን ያስተምራል?" የሚል ሰው ሞልቷል። እኔ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ልምምዱን መሃል ላይ አቁሞ እንደገና መሞከሩ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ሰልጣኝ አስቡ። "ውጤቱ ካንሰር ነው" ይላል። ከዚያ ዝምታው ይከብደውና ስለ ኬሞ፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ሪፈር ወረቀቱ ሳይተነፍስ ይቀጥላል። አሰልጣኙ "ቆይ" ብሎ ያስቆመዋል። ታካሚ ሆና የተቀመጠችውን ሴት ምን ሰማሽ ይላታል። "ካንሰር የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ አንድም ነገር አልሰማሁም።" ይህን መልስ ከእውነተኛዋ ታካሚ አታገኙትም፤ እሷማ "እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ነው የምትወጣው።

ከዚያ ሙሉውን ውይይት መድገም አያስፈልግም። ያቺን አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እዚያው፣ ነገሩ ትኩስ ሳለ። ይናገራል፣ አፉን ይይዛል፣ እሷ እስክትናገር ይጠብቃል። አስተያየቱ ከሳምንት በኋላ በወረቀት ቢደርሰው ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

ስፓይክስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ባለ ስድስት ደረጃ የከባድ ዜና አነጋገር መመሪያ አለ። ጥሩ ነው፣ ከመናገርህ በፊት ምን ያህል እንደምታውቅና ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቃት ይላል። ግን በቃል የተያዘ ነገር ሰው ፊትህ ሲያለቅስ ከአፍህ ይጠፋል።

ደግሞ ልምምዱ የእኛን ሰው መምሰል አለበት። እኛ ጋ መርዶ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይነገርም፤ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። ሆስፒታልም ውስጥ ልጅየው ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይይዘውና "እባክዎ ዶክተር፣ ለእናቴ እንዳይነግሯት፣ ከሰማች ትሞትብኛለች" ይለዋል። እናትየዋ ደግሞ አልጋዋ ላይ ሆና ሁለቱንም በዓይኗ ትከታተላለች። ሐኪሙ ልጁን ሳያስቀይም እሷን ራሷን እንዴት ይጠይቃት? አንድ ሐኪምና አንድ ታካሚ ብቻ የሚገናኙበት ልምምድ ለዚህ አያዘጋጅም። አስታማሚው መግባት አለበት።

ለሕክምና ልምምድ የሚሠራ ውድ አሻንጉሊትም አያስፈልግም። ወንበሮች፣ ታካሚና አስታማሚ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች፣ "ቆይ" ለማለት የማይፈራ አሰልጣኝ፣ በቃ።

አስታማሚ ሆናችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን ምን እንዳላችሁት ጻፉልኝ። የልምምዱ ድርሰት ከእናንተ ቃል ቢጻፍ ነው ደስ የሚለኝ።