ሞጁሉ የት ገባ? የኤስ806 ስሕተት በሜይንፍሬም ላይ

[በስክሪኑ ላይ፦ ሥራው ሲቋረጥ የወጣው መልእክት]

የሌሊቱ የባንክ ሒሳብ መዝጊያ ሥራ ገና ከመጀመሩ ተቋርጧል። ኮዱ ኤስ806፣ የምክንያት ቁጥሩ 04 ነው፤ የሜይንፍሬሙ (የትልቁ ኮምፒውተር) ሥርዓተ ክወና ዜድ/ኦኤስ የተጠራውን ሞጁል፣ ማለትም የፕሮግራም ክፍል፣ አላገኘም። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ወደ መጠባበቂያ ቅጂ ይሮጣሉ። ሞጁሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል። መታየት ያለበት ሲስተሙ የት የት እንደፈለገው ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የፍለጋው ቅደም ተከተል]

ዜድ/ኦኤስ ዲስኩን ሁሉ አያስስም። ለሥራው ቀድሞ የተጫነ ቅጂ ከሌለ በስቴፕሊብ (ለአንድ ስቴፕ፣ ማለትም ለሥራው አንድ ደረጃ) ወይም በጆብሊብ (ለሥራው በሙሉ) የተጠቀሱትን ላይብረሪዎች፣ ማለትም የሞጁል ማከማቻዎች፣ ያያል፤ ቀጥሎ ኤልፒኤ የሚባለውን የጋራ ማህደረ ትውስታ፣ በመጨረሻም ሊንክሊስትን፣ ማለትም ለሁሉም ሥራዎች የጋራ የሆኑትን ላይብረሪዎች ዝርዝር። ወጥመዱ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፦ አንድ ስቴፕ የራሱ ስቴፕሊብ ካለው፣ ለዚያ ስቴፕ ጆብሊብ ጨርሶ አይታይም። አንድ ሰው ለሙከራ ብሎ አንዲት ላይብረሪ በስቴፕሊብ ይጨምራል፤ በጆብሊብ የነበሩት ሁሉ ከፍለጋው ይወጣሉ።

ላይብረሪው ሊንክሊስት ውስጥ ኖሮ፣ ሞጁሉም በዓይን እየታየ ካልተገኘስ? ኤልኤልኤ የሚባለው የሲስተሙ ክፍል የላይብረሪዎቹን ማውጫ በማህደረ ትውስታ ይዞ ስለሚሠራ አዲስ የገባውን ላያውቅ ይችላል፤ የሪፍሬሽ ትእዛዝ ይበቃዋል። ሞጁሉ ሲገለበጥ ላይብረሪው ሞልቶ ተጨማሪ ኤክስቴንት (የዲስክ ቦታ ክፋይ) ከያዘ ግን ሪፍሬሽ አያድንም። ሲስተሙ አዲሱን ቦታ አያውቀውምና ኤስ106 የሚባለው የሞጁል መጫን ስሕተት ይከተላል። ያኔ አዲስ የሊንክሊስት ስብስብ ማዘጋጀትና ማንቃት፣ አለዚያም ሲስተሙን እንደገና ማስነሳት ግድ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የኤስኤምፒ/ኢ መዝገብ]

ሞጁሉ በእርግጥ ከሌለ ወይም አሮጌ ከሆነ የሲስተሙን ሶፍትዌር ጥገና ወደሚያስገባውና ወደሚመዘግበው መሣሪያ፣ ወደ ኤስኤምፒ/ኢ እንሂድ። መዝገቡን በሊስት ትእዛዝ አውጡና አርኤምአይዲ የሚለውን ተመልከቱ፤ ሞጁሉን መጨረሻ የተካው የትኛው ፒቲኤፍ (የሶፍትዌር ማስተካከያ) እንደሆነ ይነግራችኋል። መዝገቡ «አፕላይ ተደርጓል»፣ ማለትም ጥገናው ሲስተሙ በሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎች ገብቷል፣ እያለ ሲስተሙ ካላየው፣ ሲስተሙ ከየትኛው ዲስክ እንደተነሣ አረጋግጡ። ጥገናው የገባው በጥገና ዲስኮቹ ላይ ሆኖ፣ ሲስተሙ በአሮጌዎቹ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ሞጁል በእጃቸው ገልብጠው የሚሄዱ ሰዎችም አሉ፤ ለሚቀጥለው ባለሙያ ጣጣ ያወርሳሉ። ኤስኤምፒ/ኢ ያንን ቅጂ አያውቀውም፤ ያንኑ ሞጁል የሚተካ ፒቲኤፍ ሲመጣ ይሽረዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ አፕላይ ቼክ፣ ማለትም የአፕላይ ሙከራ። ቀድሞ መግባት ያለበት ሌላ ፒቲኤፍ ከጎደለ ላይብረሪዎቹን ሳይነካ ያሳያችኋል። አፕላይ ከተደረገ በኋላም ሥራው በደንብ ሳይፈተሽ አክሴፕት አታድርጉ፤ ጥገናውን የሚሽረው የሪስቶር ትእዛዝ የቀድሞውን ሞጁል የሚያመጣው ከዲስትሪቢውሽን ላይብረሪ (ከመነሻ ቅጂዎቹ ማከማቻ) ነው፣ አክሴፕት ደግሞ የሚለውጠው ያንኑ ላይብረሪ ነው።