ምሳሌውን ተናግራችሁ ዝም በሉ

የተከበራችሁ አባቶች፣ የተወደዳችሁ ወጣት ሰባክያን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ሲቀርብ ከባድ ክስ ይዞ ነበር። ንጉሡ የኦርዮን ሚስት ወስዷል፤ ኦርዮንንም በጦር ሜዳ አስገድሏል። ናታን ግን «በድለሃል» ብሎ አልጀመረም። ስለ አንዲት በግ አወራ።

እስቲ በጓን እዩዋት። ድሃው ሰው ከእሷ ሌላ ምንም የለውም። ከልጆቹ ጋር አደገች። ከእንጀራው ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ ብብቱ ሥር ትተኛለች። ሀብታሙ እንግዳ ሲመጣበት የራሱን መንጋ ትቶ እሷን አረዳት። ዳዊት ደሙ ፈላ። ሞት ይገባዋል፣ አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፣ ዳዊት ፍርዱን በገዛ አፉ ነው የሰጠው። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ስለሆነ የበግን ነገር ያውቃል። ምሳሌው የተወሰደው ከሰሚው ሕይወት ነው።

ብዙዎቻችን ጥቅስ ስንደረድር ቆይተን፣ ሕዝቡ ማዛጋት ሲጀምር ታሪክ ጣል እናደርጋለን። ታሪኩ ማጣፈጫ ብቻ ይሆናል። ምእመኑም ቤቱ ሲገባ ታሪኩ ትዝ ይለዋል፤ ለምን እንደተነገረ ግን ይጠፋዋል።

ሰው በላ የነበረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ እንዲህ አይደለም። በፍርድ ሚዛኑ በአንድ በኩል የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላ በኩል በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ። እናቶቻችን ያን ሚዛን ሲያስቡ ምሕረትንም አብረው ያስባሉ። ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15፣ በጠፋው ልጅ ምሳሌ ደግሞ ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ ደጅ ቆሟል። አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ ወይስ ቀረ? አልተነገረንም። ጌታችን ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል ብለው ያጉረመረሙት ፈሪሳውያንና ጻፎች እዚያው ነበሩ። መልሱ ለእነሱ ተተወ። በእርግጥ የሚፈታበት ጊዜ አለ፤ የዘሪውን ምሳሌ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ፈትቶላቸዋል። እኛ ግን ሰሚውን ስለማናምነው ታሪኩ ሳያልቅ መፍታት እንጀምራለን።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ሰው አምኖ የነገራችሁን ችግር ዐውደ ምሕረት ላይ አታውጡት። ስሙን ብትደብቁም ሰፈሩ ያውቀዋል። የራሷን ጉድ በማይክራፎን የሰማች እህት ዳግመኛ ደጃችሁን አትረግጥም። ከስልክ ላይ ያገኛችሁትንም ወሬ «እውነተኛ ታሪክ» አትበሉት። ምሳሌ ከሆነ ምሳሌ ነው በሉ።

ለእሑድ ያዘጋጃችሁትን ስብከት ዛሬ ማታ እንደገና አውጡት። ስለ ጠፋችው ድሪም፣ ስለዚያች የብር ገንዘብ ከሆነ፣ ስለ ንስሐ ከማብራራታችሁ በፊት ሴትዮዋ መብራት ስታበራ አሳዩን። ቤቱን ስትጠርግ፣ ጥጋጥጉን ስትፈልግ እንያት። ስታገኛት ጎረቤቶቿን ትጥራ፤ እኛም አብረን እንደሰት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።