ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁበትንም ቀን ፃፉልን (የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር)

ሰላም እንደምን አደራችሁ፣ ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ ወንድም እህቶቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከሆለታም ከሰበታም ከአቃቂም ከዱከምም በዚህ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፋችሁ እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ተመራማሪ እንግዶቻችንም እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቤታችሁ ነው።

ዘንድሮ አንድ ነገር ነው አጥብቄ ልለምናችሁ የመጣሁት። አሳ ያልያዛችሁበትንም ቀን ፃፉልን። እኛ አጥማጆች ለተመራማሪዎቹ ብለን የያዝነውን የምንፅፍባቸውን የመዝገብ ደብተሮች ሰብስበን ስናገላብጥ ምን አየን መሰላችሁ፣ ብዙው ሰው የሚፅፈው የቀናውን ቀን ነው፣ ትልቅ አምባዛ የያዘ ቀን ፎቶውም ርዝመቱም ቦታውም ሁሉም ተሟልቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ቁጭ ብሎ መንጠቆው ሳይነካ የተመለሰ ቀን ግን ደብተሩ ላይ የለም። እቁብ ሰብሳቢ የከፈለውን ብቻ ፅፎ ያልከፈለውን ቢዘለው ያ ሂሳብ ምን ይሆናል? የኛም እንደዛ ነው። ወንዙ እየሞተ ደብተራችን ግን ሞልቶ የተረፈው ያስመስለዋል።

ተመራማሪዎቹ ከኛ የሚፈልጉት ስንት አሳ ያዛችሁ የሚለውን ብቻ አይደለም፣ ስንት ሰዓት ፈጅቶባችሁ ያዛችሁ የሚለውንም ነው። አንዱ በግማሽ ሰዓት ሁለት ቢልጫ ቢይዝ፣ ሌላው እዛው ቦታ ሙሉ ቀን ውሎ ሁለት ቢይዝ፣ አሳው እኩል ነው፣ ወንዙ ስለራሱ የሚናገረው ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ መንጠቆ ውሃ ውስጥ የገባበትን ሰዓትና የወጣበትን ሰዓት፣ ምን ማጥመጃ እንደተጠቀማችሁ (ትል ይሁን ሊጥ ይሁን)፣ በቃ እነዚህን ካልፃፋችሁ የዘንድሮውን ከአምና ማወዳደር አይቻልም።

ይሄን የምለው ለወሬ አይደለም። ጣናን እንውሰድ። እዛ ያሉት የቢልጫ ወገኖች፣ ሳይንሱ ላቤዎባርበስ የሚላቸው፣ አብዛኞቹ ከጣና ውጪ የትም የሌሉ ናቸው፣ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ፣ ሰዉም ይሄን ስለሚያውቅ ወንዙ መግቢያ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥራቸው ክፉኛ ወርዷል። ይሄ እንዴት ታወቀ? ሰዎች ዓመት ቆጥረው በተመሳሳይ መንገድ ደጋግመው ስለመዘገቡ ነው እንጂ አይቶ በመገመት አይደለም። መዝገብ ባይኖር እስካሁን "ኧረ ድሮም እንዲሁ ነበር" እያልን በተከራከርን ነበር።

የኛ ወንዞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። አቃቂ (ትልቁም ትንሹም) ከተማውን አቋርጦ የሰውን ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ ያልሆነ ነገር ሁሉ ተሸክሞ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዛ ወደ አዋሽ። ሆለታም በርጋም ወደዛው ወደ አዋሽ ናቸው። አዋሽ ደግሞ እንደምታውቁት ባህር የማይደርስ ወንዝ ነው፣ አፋር ምድር ላይ አቤ ሀይቅ ገብቶ ያልቃል። ይሄንን እስቲ ከአሳው አንፃር አስቡት። ከላይ እዚህ ጋር የጠፋ አሳ ከሌላ ተፋሰስ ዋኝቶ መጥቶ አይተካም፣ መንገድ የለማ! መሀል ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሰራው የቆቃ ግድብ አለ፣ ከታች ያለውም ወደ ላይ ልውጣ ቢል ግድግዳ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ እዚህ ላይኛው አዋሽ ላይ ያለችን አሳ ያለችን እሷው ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ትንንሾቹን አትናቁብኝ በናታችሁ። ጋራ የምትባለዋ አሳ፣ ከአገጯ ስር ድንጋይ ላይ የምትጣበቅበት ክብ ነገር ያላት፣ ለወጥ አትሆንም ብላችሁ ሳትፅፉ የምትጥሏት፣ ድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ እየፋቀች ነው የምትኖረው፣ ድንጋዩ በጭቃና በቆሻሻ ሲለበስ ምግቧም አብሮ ይቀበራል። እኔ በበኩሌ ጋራ ከአንድ ቦታ መጥፋቷ ከትልቅ አምባዛ መያዝ በላይ ወሬ ነው ባይ ነኝ፣ አምባዛማ አየር ከላይ መተንፈስ ስለሚችል ኦክስጅን ያለቀበት ውሃ ውስጥም ይቆያል፣ አምባዛ አለና ወንዙ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ይሄ ነገር ሌላ ሀገር ይሰራል ወይ ለምትሉ ይሰራል። አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ አጥማጆች ለፓርኩ ባዮሎጂስቶች በዘንግ እየያዙ፣ ከክንፏ ጫፍ ትንሽ ቆርጠው ለዲኤንኤ እየሰጡ አሳውን መልሰው ይለቁ ነበር፣ የሀገሩ ትራውት የሚባለው አሳ ከውጪ ከመጣው ጋር ተዳቅሎ እንደሆነ የሚለየው በዛ ነው። ለኛ የሚቀርበው ግን የደቡብ አፍሪካው ነው፣ እዛ የሎውፊሽ የሚሉት የቫል ወንዝ አሳ የኛው የቢልጫ ዘመድ ነው፣ ለሱ ጥበቃና ጥናት አጥማጆቹ ከተመራማሪ ጋር አብረው ሰርተዋል።

አሳው ላይ ምልክት አድርጎ መልሶ መልቀቁንም ብዙዎቻችሁ ለምን እንደሆነ ስለምትጠይቁኝ ባጭሩ፣ ለምሳሌ 40 አሳ ምልክት አድርገን ለቀቅን እንበል፣ ቆይተን ስንመለስ 30 ያዝንና ከነሱ ውስጥ ምልክት ያለባቸው 6 ሆኑ፣ ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው፣ ስለዚህ እዛ አካባቢ ወደ 200 አሳ አለ ብሎ መገመት ይቻላል። ግን ይሄ የሚሰራው ምልክት ያደረግንባቸው ካልሞቱ ነው፣ ለዛ ነው እጃችሁን ሳታረጥቡ አትንኩ የምንለው፣ ደረቅ እጅ ላዩ ላይ ያለውን ዝልግልግ ይገፈዋል፣ እሱ ደግሞ ከበሽታ የሚጠብቀው ነው። መንጠቆው ላይ ያለችውን የኋላ እሾህም በፒንሳ አጣጥፉልን፣ አሳው ሳይቀደድ ይወጣል። ደግሞ ደጋግሜ የምለው፣ ከአንድ ወንዝ ይዛችሁ ሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትጨምሩ፣ ለበጎ ብላችሁም ቢሆን።

በሉ ብዙ አላወራም። በር ላይ ማስመሪያና አዲሱ ደብተር አለ፣ ያልያዘ ቀን የሚፃፍበት አምድ ገብቶበታል፣ ሳትወስዱ እንዳትወጡ። ቀጥሎ እንግዳችን የክንፍ ሳምፕል እንዴት እንደሚወሰድ ያሳዩናል፣ ከዛ ቡና፣ ከቡና በኋላ ማን የትኛውን ወንዝ ይዞ እንደሚሰራ እንከፋፈላለን፣ ለበርጋ እስካሁን ሰው የለንም፣ አዲስ ዓለም በኩል የምትኖሩ አስቡበት። ጉባኤያችን ተከፍቷል፣ መድረኩ ለእንግዳችን ነው።